በይሄይስ በኩል

ሰርቨሩን ከበርበሬ መጋዘን አጠገብ ማስቀመጥ የማን ሐሳብ እንደነበር ዛሬ የሚያምን ሰው አይገኝም። የፍኖተ ሰላሙ የገበሬዎች ዩኒየን ዕቃውን የገዛ ጊዜ ባዶ የተገኘው ክፍል ያ ብቻ ነበርና እዚያው ገባ፤ ይሄይስም አብሮት ገባ። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመቱ። በየሁለት ሳምንቱ ማሽኑን አጥፍቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ በቀለም ብሩሽና በብስክሌት መንፊያ ብናኙን ያራግፋል። አፍንጫውን በነጠላ ይሸፍናል፤ ነጠላ ግን ለበርበሬ ምኑም አይደለም። ሲያስነጥስ ግቢው በሙሉ ይሰማዋል፤ ጥበቃዎቹም «ይማርህ» ማለት ከሰለቻቸው ቆይቷል።

ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው፤ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሥራው ስም ትልቅ ነው፤ «የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ» ይባላል፤ ሠርግ ቤት ሲጠሩት ያስከብራል። ሲሠሩት ግን ዘበኝነት ነው። የዩኒየኑ ኢሜል ሁሉ የሚገባበት፣ የሚወጣበትና ተከማችቶ የሚቀመጥበት አንድ ኮምፒውተር አለ፤ እሱን መጠበቅ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ የይለፍ ቃል ለጠፋበት አዲስ ያወጣል። ደሞ ነገ መብራቱም ይሄዳል፣ የይለፍ ቃሉም ይጠፋል። ድካሙ እንደ ገበሬ ድካም ማታ አረፍ ሲሉ የሚወጣ ዓይነት አይደለም።

እዚህ ሥራ ላይ የጣለው የኮምፒውተር ፍቅር ሳይሆን ፊደል ነው። በልጅነቱ ከቡሬ ወዲህ ባለች አንዲት ደብር ዳዊት ደግሟል። ያኔ በሰፈሩ ማንበብ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ ከጦር ግንባር የሚመጣውን ደብዳቤ ለየእናቱ የሚያነቡት እነዚያ የቄስ ተማሪዎች ነበሩ። መምህራቸው የኔታ ክንፈሚካኤል ለዚህ ሥራ የራሳቸውን ሥርዓት አበጅተው ነበር። አንባቢው ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ በሁለት እጁ ለባለቤቱ ይመልስና «አፌ ሰጠ፣ ጆሮዬ አልወሰደም» ይላል። ይህን ሳይል የተነሣ ተማሪ አርጩሜ ይቀምሳል። ይሄይስ አንድ ጊዜ የአንዲትን ሴት የደብዳቤ ወሬ ለእናቱ አቀብሎ ተገኘ። የኔታ አልገረፉትም፤ እስከ ፋሲካ ድረስ የሰው ደብዳቤ እንዳይነካ ከለከሉት እንጂ። ዱላ ቢሆን ይረሳው ነበር።

ኋላ ዩኒየኑ ጸሐፊ ሲፈልግ ተቀጠረ፤ የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ ባሕር ዳር ሦስት ወር ሥልጠና ላኩት፤ ሲመለስ የበርበሬዋን ክፍል ቁልፍ ሰጡት። የየኔታን ሥርዓት ግን ይዞት ገባ። የሠራተኛው ሁሉ ኢሜል በእጁ ነው፤ ቢፈልግ ሥራ አስኪያጁ ለሚስቱ የሚጽፈውን ያነባል። በዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜም አላነበበም። በዚህ ነገር ይኮራ ነበር፤ ሌላ የሚኮራበት ብዙም አልነበረውም።

የሰው ደብዳቤ ወደ ሰርቨሩ መግባት የጀመረው በጆንያ ነው። የዩኒየኑ ጆንያ ላይ የስልክ ቁጥርና የኢሜል አድራሻ ታትሟል። ሲታተም የታሰበው የበቆሎ ነጋዴ ነው። ጆንያ ግን በገጠር ቤት የማይገባበት ጉዳይ የለም፤ እህል ይሞላበታል፣ ይነጠፋል፣ በር ላይ ይጋረዳል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ያለው ልጅ ሁሉ ያንን አድራሻ እያየ አደገ። ስልክ ሲቆራረጥ፣ ዳታ ጭራሽ ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት በየመሥሪያ ቤቱ ገመድ ብቻ ሲቀር፣ ከአገር የወጡት ልጆች ትዝ ያላቸው የጆንያው ጽሑፍ ሆነ።

መጀመሪያ አንድ መጣ። ርእሱ ላይ «በዩኒየኑ በኩል፣ ለአባቴ ይድረስ» ይላል፤ የአባትየውንም ስም ከነቀበሌው ጽፏል። ድሮ ገበሬው የራሱ የፖስታ ሣጥን ስለሌለው በትምህርት ቤቱ ሣጥን «በእገሌ በኩል ለእገሌ» እየተባለ ይላክለት እንደነበረው ማለት ነው። ልጆቹ ሣጥኑ የዩኒየኑ፣ ደብዳቤው የእነሱ፣ ፖስታውም የታሸገ መሰላቸው። ኢሜል ፖስታ እንደሌለው የነገራቸው ሰው የለም። ዐሥር ሆኑ፤ መቶ ሆኑ፤ ውሎ አድሮ ርእሱም «በይሄይስ በኩል» ሆነ። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቢጠየቅ «የገበሬው ልጆች አይደሉም? ይሁን» አለና አለፈው።

ይሄይስ አሠራር አወጣለት። የርእሱን ስም ብቻ አይቶ ያትማል፤ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ጀርባው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ይይዘዋል፤ ሳያነብ አጥፎ በስቴፕለር ይመታዋል፤ በገበያ ቀን ለባለቤቱ ይሰጣል። ማንበብ ለማይችል ግን ቁጭ አድርጎ ያነብለታል፤ መጨረሻ ላይም «አፌ ሰጠ፣ ጆሮዬ አልወሰደም» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የበርበሬው መጋዘን በር ላይ የሚቀመጠው ሰው ከነጋዴው ይበዛ ነበር።

ከእነዚህ አንዷ እማሆይ እናኑ ነበሩ። ከቡሬ መንገድ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት ከምታስኬድ ቀበሌ ነው የሚመጡት። ባላቸው ዩኒየኑን ካቋቋሙት ገበሬዎች አንዱ ነበሩ፤ ባልየው ሲሞቱ እማሆይ ቆብ ጫኑ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ስመኘው ይባላል፤ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ፣ ጅዛን ገብቷል። ከመሄዱ በፊት አምለሰት የምትባል የጎረቤት ልጅ ታጭታለት ነበር። አምለሰት የታጨችለት ልጅ ቢሄድም ወደ እማሆይ ቤት እየመጣች ውኃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ እንደ ምራት ነች። ሠርጉ ስመኘው ሲመለስ ነው።

የስመኘው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደብዳቤዎች የሰላምታ ነበሩ፤ ደኅና ነኝ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፣ በሬዋ ወለደች ወይ—በሬ እንደማይወልድ ያውቃል፤ እናቱን ለማሳቅ ነው። እማሆይ በእውነት ሳቁ። ሦስተኛው የመጣው በኅዳር 2016 ነው። እማሆይ ከወባ ገና መነሣታቸው ነበር፤ በዘንግ ተደግፈው፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አርፈው ደረሱ። ይሄይስ ቀለም አልቆበት ስለነበር ከስክሪኑ ላይ ያነብላቸው ጀመር። ሰላምታውን አለፈ፤ ናፍቆቱን አለፈ። መጨረሻው ላይ ዓይኑ ከአፉ ቀደመ። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ እኔ የምመለስ ሰው አይደለሁም። እዚህ ጎጆ ወጥቻለሁ፤ ልጅም ልትወለድልኝ ነው። አምለሰት በእኔ ስም አትቀመጥ፤ ትዳር ትያዝ፣ መማርም እንዳማራት ትማር። ይህችን ቃል ለራሷ ስጧት።»

ይሄይስ ቀና ብሎ እማሆይን አያቸው። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አዘንብለዋል። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ይመለሳሉ። ሳለ። በርበሬው ነው ብሎ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ «በሰላም ያገናኘን፣ ልጅሽ ስመኘው» ብሎ ዘጋው፤ ለሳምንት ሲበረቱ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነው። «አፌ ሰጠ፣ ጆሮዬ አልወሰደም» አለ፤ ያን ቀን ግን አፉ አልሰጠም፣ ጆሮውም ወስዶ ነበር።

ይህ ሳያንስ እማሆይ መልስ አጻፉት። «አምለሰት ደኅና ናት፣ ትጠብቅሃለች በልልኝ» አሉ። ጻፈው። ጣቱ ፊደሎቹን ሲነካ እያወቀ ጻፈው፤ ላከውም። ከዚያ ወዲያ ከስመኘው አንድም ቃል አልመጣም። ልጁ «አምለሰት ትጠብቅሃለች» የሚል መልስ አግኝቶ ምን እንዳሰበ ይሄይስ ለመገመት ሊቅ መሆን አላስፈለገውም። በሳምንቱ እማሆይ ፊታቸው ወዝቶ መጡ፤ እንዲህ ወዝቶ እንዴት ይነገራል አለ በልቡ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ደረሰ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ነገሩ ሳይነገር ከረመ። አዲስ ደብዳቤ ሲጠፋ እማሆይ «እንግዲያ የድሮዋን ድገምልኝ» ይላሉ። ይደግማል። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይስላል። እንዲህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

በየካቲት ወንዳወቅ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመ። ወጣት ነው፤ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ መጋዘን የሚገባ፣ ክፉ የማይባል ሰው። የመጋቢት ወር ከተጋመሰ በኋላ አንድ የበቆሎ ገዥ ያዘዘበት ኢሜል «ሣጥኑ ሞልቷል» እየተባለ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት፤ ገዥውም ወደ ሌላ ሄደ። ወንዳወቅ ሰርቨሩ በምን እንደሞላ ጠየቀ። በሠርግ ፎቶ፣ በክርስትና ፎቶ፣ በእናቶች ደብዳቤ መሙላቱን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

በማግስቱ ስብሰባ ጠራ። ይሄይስ አለ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ አቻምየለሽ አለች፣ ሁለት የቦርድ አባላትም አሉ።

«አቶ ይሄይስ፣ ሰርቨሩ የማን ነው?» አለ ወንዳወቅ።

«የዩኒየኑ ነው።»

«ስለዚህ ውስጡ ያለው ሁሉ የዩኒየኑ ነው። እኔ በሰው ምሥጢር አልደሰትም፤ ግን ቤቴ ውስጥ የተቀመጠውን ሻንጣ ምን እንደያዘ የማወቅ መብት አለኝ። ‹ለእናቴ› የሚል ርእስ ሰጥቶ የጨረታ ዋጋ የሚያሾልክ ቢኖርስ? ኮሚቴ ይቋቋማል፤ አንድ በአንድ ተከፍቶ ይነበባል፤ የዩኒየኑ ይቀራል፣ ሌላው ይጠፋል።»

አቻምየለሽ መሬት መሬት አየች። እሷ ከእማሆይ እናኑ ቀበሌ ናት፤ የአምለሰት የአክስት ልጅ ናት። ኮሚቴ ከተባለ ደግሞ ያለ እሷ አይቋቋምም። ደብዳቤው ከተከፈተ እስከ ቅዳሜ እማሆይ ጆሮ ይደርሳል፤ ያውም ከባዕድ አፍ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነብላቸው የኖረው ሰው ሲዋሻቸው እንደኖረ ይሰማሉ። ይሄይስ ተነሥቶ ቆመ።

በስብሰባ ሲናገር ታይቶ አይታወቅም። ያን ቀን ግን ተናገረ።

«ጌታው፣ ጎተራው የእኔ ስለሆነ አደራ ያስቀመጠብኝን ሰው እህል እፈጫለሁ ማለት ይቻላል? ሣጥኑ የእኛ ነው፤ አልካድኩም። ሞልቶብናል፤ አውጡልን ማለት መብታችን ነው። መክፈት ግን ሌላ ነው። ደሞስ ሰርቨሩን የገዛው ማን ነው? ገበሬው በድርሻው ነው። እማሆይ እናኑ የሚባሉ መነኩሲት አሉ፤ ባላቸው ይህን ዩኒየን በእግራቸው እየዞሩ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። እኒህ ሴት ባለ ሰርቨር ናቸው፤ ባለ ደብዳቤም ናቸው። እኛ ከሁለቱ አንዱንም አይደለንም፤ ቅጥረኛ ነን። ስንት ዓመት በእጄ ሲያልፍ አንድ ቀን የሰው ቃል አልነካሁም። አደራ በላ ተብዬ ጡረታ ከምወጣ ቁልፉን ዛሬ ልስጥዎ።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። ሰዎቹ በቅንነቱ የተሰበረ መሰላቸው። «አንድ ቀን የሰው ቃል አልነካሁም» ያለው በገዛ አፉ ነው፤ ከአፉ ሲወጣም ሰምቶታል።

«ልክ ነዎት» አለ ወንዳወቅ። «የሚከፈት የለም። በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ እስከ ዓርብ ባለቤቶቹ ደብዳቤያቸውን ይውሰዱ። ዓርብ ከሰዓት የቀረው ሁሉ ሳይነበብ ይጥፋ። ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው።»

ሲወጡ አቻምየለሽ በረንዳው ላይ ጠብቃ እጁን ያዘችው። «እግዜር ይስጥዎት ጋሼ። እኔ መቼም ደፍሬ አልናገርም ነበር» አለችው። አመስግኖ ወደ ክፍሉ ገባና በሩን ዘጋ። አፉ ውስጥ የመረረውን ከጾሙ ባዶ ሆድ ቆጠረው።

ሦስት ቀን ሰው ሲጎርፍ ዋለ። ከደምበጫ ሁሉ የመጣ ነበር። ይሄይስ አትሞ፣ አጥፎ፣ በስቴፕለር መትቶ ሲሰጥ፣ በሰጠው ቁጥር ከሰርቨሩ ላይ ሲያጠፋ ረቡዕ ሆነ። እማሆይ አልመጡም፤ ማስታወቂያ በር ላይ ቢለጠፍ ለእሳቸው ምናቸው ነው። ረቡዕ ማታ ቢሮው ጭር ሲል የቀሩትን ሲዘረዝር የስመኘው ሦስቱ ደብዳቤዎች ከነመልሳቸው ተደርድረው አገኛቸው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ሲደርስ ያጠፋዋል፤ ያጥፋ ተብሎ ታዟል። ከጠፋ በኋላ ያች ደብዳቤ በዓለም ላይ አትኖርም፤ የምትኖረው እሱ ያነበባት ብቻ ናት፣ «በሰላም ያገናኘን» የምትለዋ። ማንም አያገኘውም። የተሟገተለት እውነት ራሱ ይሸፍነዋል። ደክሞታል፤ ጡረታው ሁለት ዓመት ነው፤ እሳቸውም አርጅተዋል፤ ለምን የሰው አንጀት ይቆርጣል? ጣቱን ማጥፊያው ላይ አደረገና ቆየ።

ግን ከሦስተኛው ደብዳቤ ሥር መልሱ አለ። «አምለሰት ደኅና ናት፣ ትጠብቅሃለች።» የላኪው ስም ይሄይስ ይላል። ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ያለፈ ነው፤ ይህ ግን ከእሱ የወጣ ነው። ይህንን ሲያይ አፈረ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ብቻውን በተዘጋ ክፍል ሲያፍር ፊቱን የሚያዞርበት አያገኝም። ደብዳቤውን አተመ። በልማዱ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ አጠፈው፤ በስቴፕለር ግን አልመታውም።

ሐሙስ ጠዋት መንገድ ክፍት ነው ሲባል ባጃጅ ተሳፍሮ እስከ መገንጠያው ሄደ፤ ከዚያ በእግሩ ቀጠለ። የታረሰው ማሳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እማሆይ በየቅዳሜው የሚመጡት በዚህ መንገድ መሆኑን እስከ ዛሬ በጉልበቱ አላወቀውም ነበር። ሁለት ሰዓት የተባለው ሦስት ፈጀበት።

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ባለው መደብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈለቅቃሉ። ሲያዩት ደነገጡ።

«ምነው ልጄ? ምን እግር ጣለህ? ደኅና አይደለም እንዴ?»

«ደኅና ነው እማሆይ። ደብዳቤዎቹ ከማሽኑ ሊጠፉ ነው፤ የአንቱን ላድርስ ብዬ ነው።»

«ይሄን ሁሉ መንገድ በጾም አፍህ? አምለሰት፣ ውኃ አምጪለት፤ እግሩን ይታጠብ።»

አምለሰት ከጓዳ ወጣች። ስትታጭ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ ስድስት ሆኗታል። አንገቷ ላይ ለእጮኝነት የታሰረላት ክር ከክርስትና ማተቧ ጋር ተጠማዝዞ ይታያል። ውኃውን አቅርባ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና በሩ ጋ ቆመች። መቼም ሲያነብ ለመስማት ነው፤ ከእማሆይ አፍ እንጂ ከደብዳቤው ሰምታ አታውቅም።

ይሄይስ ወረቀቱን ዘረጋ። ለእሷ ሰጥቶ መሄድ ይችል ነበር፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ታነበዋለች። ግን ያጎደለው እሱ ነውና የሚሞላውም እሱ መሆን እንዳለበት መንገድ ላይ ወስኖ ነበር። ማንበብ ጀመረ። እማሆይ ጥጣቸውን እየፈለቀቁ ከንፈራቸው አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን በቃላቸው ይዘውታል። ሰላምታው አለቀ። ናፍቆቱ አለቀ። እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ። ሳለ።

እማሆይ እጃቸውን አቆሙ።

«እዚህም በርበሬ አለ እንዴ ልጄ?» አሉ።

ይሄይስ ቀና አላለም።

«ሁልጊዜ እዚያች ላይ ትስላለህ» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። «የድሮዋን ድገምልኝ እያልኩ የምመላለሰው ለምን መሰለህ? አንድ ቀን ሳትስል ታልፋታለህ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይጠይቁኝ?»

«ብጠይቅህ ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ጥጡን ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ «በል እንግዲህ አንብባት» አሉት። አነበባት። «እኔ የምመለስ ሰው አይደለሁም» ሲል እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ልጅም ልትወለድልኝ ነው» ሲል «እሰይ» አሉ በሹክሹክታ፤ እንባቸው ግን ከ‹እሰይ›ው ቀድሞ ወረደ። «አምለሰት በእኔ ስም አትቀመጥ» የሚለውን ሳይስል አነበበው። «ይህችን ቃል ለራሷ ስጧት» ብሎ ጨረሰ።

አምለሰት ከበሩ መጣች። እጇን ዘረጋች፤ ሰጣት። ቆማ፣ ዝም ብላ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ከላይ የተጻፈው ቀን ላይ አኖረች።

«ኅዳር ሃያ ስምንት» አለች። «2016።»

«አዎን» አለ ይሄይስ።

«በጥር ነው ስሜ ቡሬ ለነርስነት የወጣው። አንድ ወር ከዐሥር ቀን በኋላ ማለት ነው። ባሏ ሊመጣ ነው፣ ምን ኮሌጅ አላት ተባለ። እኔም እሺ ብዬ ቀረሁ።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ቀን የምታሰላ ሰው ነበር የምትመስለው። «ከእርስዎ ሌላ ይህን ያነበበ አለ?»

«የለም። ኮሚቴ ሊከፍተው ሲል ተከራክሬ—» ብሎ ጀመረና አቆመ። የሚጨርሰው ዓይነት ነገር አልነበረም።

«እንግዲያ የከፈቱት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለች።

እማሆይ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው እጃቸውን ዘረጉ። «የልጄ ደብዳቤ ነው፤ ወዲህ በዪልኝ።»

«የእኔ ነው እማሆይ» አለች አምለሰት፣ በለሰለሰ ድምፅ። «‹ለራሷ› ይላል።» ወረቀቱን አራት አድርጋ አጥፋ በመቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። አንገቷ ላይ ከተጠማዘዙት ክሮች የእጮኝነቱን ለመለየት ሞከረች፤ ሁለቱ ከመክረማቸው የተነሣ ተቋጥረዋል፤ ቆማ በጥፍሯ ስትፈታ ቆየች። ሲፈታላት በእማሆይ መደብ ላይ አኑራው፣ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ ወረደች።

ይሄይስ ተነሣ። አፉ በልማድ ሊል የፈለገው ነገር ነበር፤ አላለውም። «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አለ። እማሆይ የተፈታውን ክር በጣታቸው እየጠቀለሉ ነበር። መደቡ ጫፍ ላይ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ዓርብ ከሰዓት የቀረውን ሁሉ ሳያነብ አጠፋ። የራሱን መልስ መጨረሻ አደረጋት። ከዚያ እንደ ልማዱ ማሽኑን አጥፍቶ ክዳኑን ፈታ፤ በብሩሹ ሲያራግፍ ወንዳወቅ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ጨረሱ አቶ ይሄይስ? ሁሉም ባለቤት ወሰደ?»

«የመጡት ወስደዋል» አለ ይሄይስ፣ ነጠላውን ከአፉ ሳያወርድ። «አንዷ ብቻ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ዘገየባት።»

ወንዳወቅ የሰርቨሩን ጉድለት የነገረው መሰለው። «እንግዲህ እንዳይደገም ነው» አለና ሄደ።